ሞተሪኖው ያዞራል፣ መኪናው አይነሳም

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ሰዓት ስልኩን ያጨናነቀው አንድ ጉዳይ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ደሴ ላይ ጋራዥ ያለው እንግዳችን የሰጣቸው መልሶች እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ ቪትዝ ናት። ማታ በደህና አቆምኳት፣ ጠዋት እንቢ አለች። ከየት ልጀምር?

አብሽር ወንድሜ። ሞተሪኖው በጉልበት እያዞረ ከሆነ ባትሪህ ደህና ነው። ሰው ሁሉ ግን መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ሞተሯ የምትፈልገው ቤንዚን፣ አየርና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ እሳት ነው፤ ሁሉም በሰዓቱ። ራዲዮኑን አጥፋ፣ የኛም ፕሮግራም ቢሆን። ቁልፉን ሞተሪኖው ጋ ሳታደርስ ክፈተውና ጆሮህን ወደ ኋላ ወንበር ጣል። በብዙ መኪኖች የቤንዚን ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» ይላል፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን ፓምፑ የሚሰራው ሞተሪኖው ሲያዞር ነው። ሲያዞርም ዝም ካለ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ማብሪያ) አስፈትሽ፣ ከዚያ ፓምፑን። ድምፁ ካለ ዳሽቦርዱን እይ። የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋ ቁልፍህን አላወቀችውም ማለት ነው፤ በሌላኛው ቁልፍ ሞክር። ከዚያ ወዲያ ያለው ካንዴላና ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው፣ እሱን ለመካኒክ ተውለት።

አንድ ነገር ግን፦ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙር። ደቂቃ አሳርፈው። ሞተሪኖም ይቃጠላል።

ከሐይቅ፦ ጌጁ ሩብ ቤንዚን አለ ይላል። ልመነው?

አትመነው። 5 ሊትር ጨምርና ሞክር።

ከደሴ፦ ሰፈራችን ዳገት ነው። እንቢ ስትለኝ ቁልቁል ለቅቄ አስነሳታለሁ። አንዳንዴ ወደ ኮምቦልቻ መውጫው ድረስ እወርዳለሁ። መኪናዋን ይጎዳታል?

እሷን ተዋት፣ አንተን ነው የሚጎዳህ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ደሴ ዳገቷ አጓጊ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስበው፤ ቁልቁለት የሚሰራልህ ምንድን ነው? ሞተሩን ማዞር። እሱንማ ሞተሪኖህ እያዞረልህ ነው! ቁልቁለት ቤንዚን አይጨምርም፣ ካንዴላ ላይ እሳት አያመጣም። ባትሪ ሲሞት ወይም ሞተሪኖ ሲበላሽ ማኑዋል መኪና ተገፍታ ትነሳለች፤ እሱም ሜዳ ላይ፣ ሰው እየገፋ። አውቶማቲክ ከሆነች ከነጭራሹ አይሞከርም።

አሁን የፍሬኑን ስማኝ። ፔዳሉን የሚያቀልልህ ሰርቮ ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ ሲሰራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እየወረድክ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ የተጠራቀመው ያልቃል። ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ደንግጠህ ቁልፉን ከነቀልከው ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ትወርዳለህ። ከፊትህ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና፣ ከኋላህ ተሳቢ፣ ከጎንህ ገደል። በምን ልትቆም ነው?

እኔም በወጣትነቴ አንድ ፒክአፕ እንዲህ ለቅቄ የሰው አጥር ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት። አጥሩ ቁልቋል ነበር። እሾኹን እናቴ ናት የለቀመችልኝ፣ እየተራገመች። አንተ ቁልቋል ላታገኝ ትችላለህ። መኪናዋን ባለችበት አቁማትና መካኒክ ጥራ።

ከመርሳ፦ አይሱዙ ነው። ናፍታ አልቆበት ቆመ። ሞላሁት፣ ያዞራል ግን አይነሳም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀለል አድርገህ ንገረኝ።

ጋሼ፣ አየር ይዞበታል። ናፍታ ሲያልቅ አየር መስመሩ ውስጥ ይገባል። የናፍታ ፊልትሩ አጠገብ የእጅ ፓምፕ አለች። ረዳቱ የመተንፈሻ ብሎኗን ላላ ያድርጋትና ፓምፗን ይጫን። አረፋው ጠፍቶ ንጹህ ናፍታ ሲመጣ ብሎኗን ያጥብቅ፣ ፓምፗ እስክትጠነክርም ይጫን። ከዚያ ያዙሩት። 10 ሰከንድ፣ ዕረፍት፣ እንደገና። እርስዎ ጥላ ስር ቁጭ ይበሉ።

ከኬሚሴ፦ ጓደኛዬ የአየር መግቢያው ላይ ቤንዚን ጠብ ብታደርግ ይነሳል አለኝ።

ጓደኛህ ቅንድብ አለው? ሞተሩ ወደ ኋላ ከተኮሰ እሳቱ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። በእጅህ የያዝከው ሃይላንድም ቤንዚን ነው። ወላሂ አታድርገው። ቁልቁል መልቀቅም አማራጭ አይደለም፣ ቀድሜ ልንገርህ።

ከባቲ፦ ሙቀት ላይ ትጠፋለች። ሲበርድላት ትነሳለች።

ብዙ ጊዜ የክራንክ ሴንሰር፣ የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ዕቃ፣ ጣጣ ነው። እንቢ ባለችበት ሰዓት ስታዞር የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስት ንቅንቅ ካላለ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። ቢሆንም በጥርጣሬ ዕቃ አትግዛ። ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሂድ።

ከደሴ፦ ሳዞራት ድምፁ ከወትሮው ቀለል ብሎ ይፈጥናል። ወንድሜ ደጋግሜ ልሞክር ይላል።

እህቴ፣ አሁኑኑ አስቁሚው። ታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቭና ፒስተን በሰዓታቸው እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ በሞከራችሁ ቁጥር የጋራዡ ሂሳብ ይጨምራል። በመኪና ጭናችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዷት። ወንድምሽ «ቁልቁል እንልቀቃት» ካለ ቁልፉን ደብቂበት።