የዲጄ ኮንትሮለር ስትመርጡ፦ ልጓሙ ለየትኛው ፈረስ ነው?

እንኳን ደህና መጣችሁ። በዛሬው ክፍል በኮምፒውተር ሶፍትዌር ሙዚቃ ማጫወት የሚፈልግ ሰው ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን በእጁ የሚያዝበትን ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ እንዴት መምረጥ እንዳለበት እንነጋገራለን። ቢት፣ ቴምፖና ክሮስፌደር ምን እንደሆኑ እንደምታውቁ በማሰብ ነው የምናገረው፤ ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ክፍል ቻናሉ ላይ አለ፣ እሱን አስቀድማችሁ ብታዩት ይህኛው ይቀላችኋል።

ኮንትሮለርን ከልጓም ጋር ማመሳሰል እወዳለሁ። ልጓም ፈረስን ይገታል፣ ይመራል፤ ጉልበት ግን አይጨምርለትም። ጉልበቱ የፈረሱ ነው። የልጓምና የዛብ ሥራ የጋላቢውን እጅ ሐሳብ ወደ ፈረሱ አፍ ማድረስ ነው። ጋላቢው በጥቂቱ ወደ ግራ ሲስብ ፈረሱም በጥቂቱ ወደ ግራ ማለት አለበት። ዛቡ ላልቶ ከሆነ ፈረሱ ዘግይቶ ይሰማል፤ ልጓሙ ለአፉ የማይስማማ ከሆነ ደግሞ በለስላሳ ስበት ፈንታ ድንገተኛ መዞር ይመጣል፤ ጋላቢው የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ጥበቡ ከእጁ አልፎ አይደርስም። ለዚህ ነው አስተዋይ ጋላቢ ልጓም የሚገዛው ፈረሱን ካየ በኋላ የሆነው።

በእኛ ጉዳይ ፈረሱ ላፕቶፑና በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ትራኩን የሚያነበው፣ ፍጥነቱን የሚለውጠው ሶፍትዌሩ ነው። ኮንትሮለሩ «ይህ ቁልፍ ተጫነ፣ ይህ ፌደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) እዚህ ደረሰ» የሚል መልእክት በዩኤስቢ ገመድ ይልካል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶፍትዌራችሁን ምረጡ፤ ኮንትሮለሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የዲጄ ሶፍትዌር የሆነው ሴራቶ የሚደግፋቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አውጥቷል፤ ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ ላይት ከሚባለው ቀለል ያለ እትም ጋር ስለሚመጡ ፕሮ የሚባለውን የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ መክፈል ሊኖርበት ይችላል። ትራክተር የተባለው ሌላ የዲጄ ሶፍትዌር፣ እንዲሁም ስሙ በሦስት ኤክስ የሚጻፈው ሚክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ ቁልፎቹን ለራሳችሁ በሚስማማ መንገድ እንድትመድቡ ይፈቅዳሉ። ያገለገለ ኮንትሮለር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለላፕቶፓችሁ ስርዓተ ክወና የሚሆን ድራይቨር (ኮንትሮለሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አሁንም የሚያቀርብ መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን አታውጡ።

እዚህ ላይ ተመልካቾች ደጋግመው የሚጠይቁኝን አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። «ባለ አራት ቻናል ኮንትሮለር ከባለ ሁለቱ የጠራ ድምፅ ያወጣል አይደል?» ይሉኛል። አያወጣም። የቻናል ቁጥር በአንድ ጊዜ ስንት ትራክ መቆጣጠር እንደምትችሉ ይናገራል እንጂ ስለ ጥራት የሚለው ነገር የለም። ጥራቱን የሚወስኑት የሙዚቃ ፋይሉ፣ ፋይሉን ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጠው ሳውንድ ካርዱና ስፒከሮቹ ናቸው። ሁለት ትራክ አጥርቶ ለማደባለቅ ገና እየታገለ ያለ ሰው አራት ቻናል ቢገዛ ሁለቱ ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ ለእነሱ የከፈለው ገንዘብ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይገዛለት ነበር። ሦስተኛ ትራክ ወይም ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ) ከላይ መደረብ ልማዳችሁ ከሆነ ግን አራቱ ይገቧችኋል።

ከቻናል ቁጥር ይልቅ ልትጠይቁ የሚገባው ሳውንድ ካርድ በውስጡ አለ ወይ የሚለውን ነው። ዲጄ ሁለት የተለያዩ የስቴሪዮ መውጫዎች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ለታዳሚው፣ ሌላው ለራሱ ጆሮ። የመጀመሪያው ኮንትሮለሬ ሳውንድ ካርድ አልነበረውም፤ ላፕቶፔ ደግሞ አንድ መውጫ ብቻ ነበረው። በአንድ ግብዣ ላይ ቀጣዩን ትራክ በጆሮዬ ብቻ ሰምቼ መነሻውን ልፈልግ ስል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የማንከባልለው ድምፅ በሙሉ በስፒከሩ ወጣ፤ ይጨፍሩ የነበሩት ሰዎች ቆመው ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቀን የተማርኩትን ለማንም ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ቴክኒኩን በፍጥነት እንየው። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ፣ ማለትም ኮንትሮለሩ መልእክቱን የሚልክበት ቋንቋ፣ በተራ መልእክቱ ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ደረጃዎችን ብቻ ይይዛል። ለድምፅ መጠን ይህ ይበቃል፤ ለቴምፖ፣ ማለትም ለትራኩ ፍጥነት፣ ግን አይበቃም። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ላይ ፌደሩ 8 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ አንዱ ደረጃ 0.15 ቢፒኤም ያህል ይሆናል። የምትፈልጉት ፍጥነት በሁለት ደረጃዎች መካከል ከወደቀ ሁለቱ ትራኮች በሁለት ደቂቃ ውስጥ እስከ 75 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ፤ ይህን ጆሮ በግልጽ ይሰማዋል። ሁለት መልእክት አጣምሮ በ14 ቢት (ይህ ቢት የኮምፒውተር አሃዝ ነው እንጂ የሙዚቃው ምት አይደለም) የሚልክ ፌደር ግን 16,384 ደረጃዎች አሉት። ከእጃችሁ እንቅስቃሴ እስከ ድምፁ ያለውን መዘግየት በተመለከተ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲጫወት የ128 ናሙና በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ) 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ የ1024 ናሙና በፈር 23 ገደማ። ስክራች የሚያደርግ፣ ማለትም ትራኩን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየፋቀ የሚጫወት ሰው ልዩነቱ እጁ ላይ ይሰማዋል፤ የላላ ዛብ ያልኳችሁ ይህን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላዩ መነካትን የሚያውቅ ሰፊ ጆግ ዊል (ትራኩን በእጅ የሚያዞሩበት ክብ ሳህን) ይፈልግ፤ ትራክ ከትራክ ማገናኘት ብቻ ለሚፈልግ ትንሹም ይበቃዋል።

ይህ ማብራሪያ ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ክፍል ሚክስ ላይ ቁልፎችን እንዴት እንደምንመድብ አሳያችኋለሁ። ኮንትሮለር ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ሞክሩት። ለመብራቶቹ ትኩረት አትስጡ። የቴምፖውን ፌደር በጣት ጫፍ፣ በጣም በዝግታ ግፉትና በስክሪኑ ላይ ያለውን የቢፒኤም ቁጥር ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ሳይዘል በየመቶኛው ከተንቀሳቀሰ ፌደሩ ደህና ነው፣ ከ120.00 ተነሥቶ በአንዴ 120.15 ላይ ከዘለለ ግን መልሳችሁ አስቀምጡት።