ከደሙ ይልቅ ሰውየውን ማየት
በካናቢስ ተጽዕኖ ሥር ስለ ማሽከርከር በድሬዳዋ ለአሽከርካሪዎች፣ ለአሠልጣኞችና ለትራፊክ ፖሊስ አባላት የተደረገ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ አሠልጣኝ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ እዚህ የተገኛችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ጠጥቶ ስለ ማሽከርከር ነበር። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ግን ስለ ካናቢስ፣ እኛ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ ስለምንለው ነገር ለመናገር መርጫለሁ። ስለ መጠጥ ብዙ ተብሏል፤ የማይስማማም የለም። ካናቢስ አጭሶ መሪ ስለ መያዝ ግን በዓለም ላይ ገና ያልተቋጨ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ወደ እኛ የሚደርሰው በወሬ ነው። አንዱ «እሱ እንኳ ሾፌሩን ያረጋጋዋል፣ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ያደርገዋል» ይላል። ሌላው «ደሙን መርምሮ የተገኘበትን ማሰር ነው» ይላል። ሁለቱም መንገዱን ከአደጋ አያድኑትም ብዬ አምናለሁ። የማምንበትንም ምክንያት ከራሴ ልጀምር።

በወጣትነቴ፣ መንጃ ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርሁ። አንድ ቀን ከሐረር ወደ ድሬ ስንወርድ መንገድ ላይ ለሻይ ቆምን። ሾፌሩ ከመኪናው ጀርባ ሄዶ አጭሶ ተመለሰ። ሽታውን አውቄዋለሁ። ዝም አልሁ። በሌላ ቀን ደንገጎን፣ ያን ገደላማ ቁልቁለት፣ የሚወርደው እያበረረ ስለ ነበር፣ ያን ዕለት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ሲወርድ ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናው ግን አንዴ ወደ ገደሉ ዳር፣ አንዴ ወደ መሐል እየተሳበ ይዋልል ነበር። ከአንድ መታጠፊያ ስንወጣ እንጨት የተጫነች አህያና አህያዋን የምትጎትት ልጅ መንገዱን እያቋረጡ አገኘናቸው። ርቀቱ በቂ ነበር። ፍጥነታችንም ዝቅተኛ ነበር። ሾፌሩ አይቷቸዋል፤ «አህያ» ብሎ በአፉ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ያረፈው ግን አህያዋን ከመታናት በኋላ ነው። አህያዋ እዚያው ሞተች። ልጅቷ ገመዱን እንደ ያዘች ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ፣ ልጅቷ እየጮኸች፣ አስፋልቱ ላይ የተበተነውን እንጨት አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ልጅቷን ያነሣኋት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አእምሮው በዚያች ሰዓት ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ መያዝ ይችል ስለ ነበር ነው፤ የያዘውም እንጨቱን ሆነ።

ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ተመራማሪዎች የማሽከርከር ሁኔታን በሚያስመስሉ መሣሪያዎች ላይ ሰዎችን አስቀምጠው ካገኙት ጋር እንደሚመሳሰል የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ አሠልጣኝ ስሆን ነው። የሰከረ ሾፌር ራሱን የበለጠ ጎበዝ አድርጎ ያያል፤ ይፈጥናል፣ ይደፍራል። ካናቢስ የወሰደ ሾፌር ግን ብዙውን ጊዜ መለወጡ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከፊቱ ካለው መኪናም ይርቃል። «ያረጋጋል» የሚሉት ሰዎች የያዙት ይህችን ግማሽ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ ግን መሥመር ጠብቆ መሄድ አለመቻሉ፣ ምላሹ መዘግየቱና ትኩረቱን ለሁለት ነገር ማካፈል ማቃቱ ነው። መንገዱ እንደ ጠበቀው እስከ ሆነለት ድረስ ቀስ ማለቱ ይጠቅመዋል፤ ያልጠበቀው ነገር ብቅ ሲል ግን ጥንቃቄው አያድነውም። ከመጠጥ ጋር ሲደረብ ደግሞ ይባስ ይከፋል፤ የካናቢሱን ጥንቃቄ መጠጡ ይወስደዋል፣ መዘግየቱ ግን ይቀራል።

እንግዲህ አደገኛ ከሆነ፣ እንደ አልኮል በቁጥር ወስነን ከቁጥሩ ያለፈውን ለምን አንቀጣም? የክርክሩ እምብርት ይህ ጥያቄ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ልወስድበት።

የአልኮል ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 በሕግ ወሰን ስታበጅ፣ ቦርከንስታይን የተባለው አሜሪካዊ በ1954 የትንፋሽ መለኪያውን ሲሠራ፣ እርሱው በ1964 በሚሺጋን ግዛት ግራንድ ራፒድስ ከተማ አደጋ የደረሰባቸውን ሾፌሮች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሮ የአልኮሉ መጠን በጨመረ ቁጥር አደጋው እንዴት እንደሚያሻቅብ ሲያሳይ፣ ብሪታንያም በ1967 በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ብላ ስትወስን፣ ቁጥሩ እየተፈተነ መጥቷል። የሚሠራውም በአልኮል ጠባይ ምክንያት ነው። አልኮል በውኃ ይሟሟል፤ በሰውነታችን ውኃ ሁሉ ይዳረሳል፤ ጉበት በየሰዓቱ ተቀራራቢ በሆነ መጠን ያስወግደዋል። በትንፋሽ የተለካው በደም ያለውን፣ በደም ያለው ደግሞ በአንጎል ያለውን ይናገራል።

በካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲ ኤች ሲ የሚባለው፣ ጠባዩ ሌላ ነው። የሚሟሟው በስብ ነው። ሰውየው ሲያጨስ በደቂቃዎች ውስጥ በደሙ ውስጥ ጣሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ከደሙ ወጥቶ ወደ አንጎሉና ወደ ሰውነቱ ስብ ይገባል። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን በቀነሰበት ሰዓት ሰውየው ገና አልበረደለትም፤ ውጤቱ ለሰዓታት ይቆያል። በተቃራኒው ዘወትር የሚያጨስ ሰው፣ ካቆመ ከቀናት በኋላ፣ በስቡ የተጠራቀመው ቀስ እያለ ወደ ደሙ ሲመለስ ሊገኝበት ይችላል፤ በዚያን ሰዓት ግን መሪ ለመያዝ ብቁ ሊሆን ይችላል። በሽንት የሚገኘው ቅሪት ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል፣ ራሱም የሚያሰክር አይደለም።

ይህን በእኛ መንገድ ላይ አስቡት። አንድ ሾፌር ደንገጎ ላይ ቢያዝ፣ ደሙ እስኪቀዳ ድረስ ወደ ከተማ መውረድ፣ ጤና ባለሙያ ማግኘት፣ ቅጽ መሙላት አለ። ያ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል። አሁን አጭሶ የተያዘው ከቁጥሩ በታች ሆኖ ሊለቀቅ፣ ከሦስት ቀን በፊት ያጨሰው ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ሆኖ ሊታሰር ይችላል። እንዲህ ያለ ሚዛን ገበያ ላይ ቢሆን ማንም አይመዝንበትም።

አገሮች በቁጥሩ ያልተስማሙትም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 5 ናኖግራም አለች፤ ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ኮሎራዶም ያንኑ 5 ወሰደች፤ ነገር ግን ቁጥሩ ፍርድ ቤቱ ሾፌሩ አቅሙ ተዳክሞ ነበር ብሎ እንዲገምት የሚፈቅድ እንጂ በራሱ የሚያስፈርድ አልሆነም፤ ተከሳሹ ሊከራከርበት ይችላል። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት አሉ። ካናዳ በ2018 ካናቢስን ስትፈቅድ በ2 እና በ5 ሁለት ደረጃ አበጀች፣ መጠጥ ከተጨመረበት ደግሞ ሌላ ወሰን አኖረች። ጀርመን በደም ሴረም (በደሙ ውኃማ ክፍል) ለብዙ ዓመታት 1 ስትል ቆይታ በ2024 ወደ 3.5 ከፍ አደረገችው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በመንገድ ዳር ምራቅ ትመረምራለች፤ ከተገኘበት መጠን አትጠይቅም። የአንድ ሰው አንጎል ድንበር ሲሻገር የሚለወጥ አይደለም፤ ቁጥሩ ግን በየድንበሩ ይለወጣል።

በሌላ በኩል፣ አደጋውን አጋንኖ ማቅረብም ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በቨርጂኒያ ቢች ከተማ ከ3,000 በላይ አደጋ የደረሰባቸውን ሾፌሮች ከ6,000 ያህል ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሮ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ቲ ኤች ሲ የተገኘባቸው ሾፌሮች አደጋ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በ25 በመቶ የበለጠ መስሎ ነበር፤ ዕድሜና ጾታን የመሳሰሉት ነገሮች ሲታሰቡ ግን ልዩነቱ ሊጠፋ ተቃርቧል። በዚያው ጥናት በደሙ 0.08 በመቶ አልኮል፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም፣ ያለበት ሾፌር አደጋው ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ይህን የምነግራችሁ ካናቢስ አይጎዳም ለማለት አይደለም፤ ደንገጎ ላይ ያየሁትን አይቻለሁ። ጥናቱ የቆጠረው ግን በደማቸው ወይም በምራቃቸው የተገኘባቸውን ሁሉ ነው፤ በዚያች ሰዓት የተዳከሙትንም፣ ከቀናት በፊት ያጨሱትንም በአንድ ከረጢት ከትቷቸዋል። ምርመራው ሁለቱን ለይቶ አልነገረውም።

«እኛ አገር የተከለከለ ነገር ነው፤ ክርክሩ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 ይከለክለዋል። አንቀጽ 543ም በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ቅጣት ያከብዳል። የመጀመሪያው ዕፁን ይመለከታል፤ ሁለተኛው የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓት ነው፤ ሾፌሩ አጭሶ የተነሣበት፣ አህያዋ ገና መንገዱ ላይ ያልወጣችበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ላይ እኔ ለምን ዝም እንዳልሁ ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ አርፈን እንሂድ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገሩ ቢሰማ እስር ቤት ይገባል፣ ልጆቹም ይራባሉ ብዬ ፈራሁ፤ እንጀራዬም በእጁ ነበር። ዕፁን መያዝና ተዳክሞ መንዳት በአንድ ስም ሲጠሩ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አፉን ይዘጋል።

ሌላም ነገር አለ፤ የዚህን አገር ሰው የሚመለከት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካናቢስ አጭሶ ከሚነዳ ይልቅ ጫት ቅሞ የሚነዳ እንደሚበዛ ሁላችን እናውቃለን። ጫት በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ የብዙ ገበሬና ነጋዴ ኑሮም ነው፤ ይህን ለመንቀፍ አልመጣሁም። ነገር ግን ኃይሉን የሚሰጠው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚከስም፣ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚነሣ መኪና ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ሾፌሩ እንቅልፉን ለማባረር ይቅማል፤ ምርቃናው ሲመጣ ድካሙ የጠፋ ይመስለዋል፤ ድካሙ ግን አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው ያለው። ሲደርስ ደግሞ ጨብሲ አለ፤ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ጠጥቶም መኪናውን ወደ ቤቱ ይነዳል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ሁኔታ ላይ ሆኖ አንድ መሪ ይይዛል። በደም ውስጥ የካናቢስን ቁጥር የሚፈልግ ሕግ ብናወጣ፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛው ይህ ሰው ንጹሕ ተብሎ ያልፋል።

ስለዚህ መለካት ያለብን ሰውየውን ነው እላለሁ። መኪናው ከመቆሙ በፊት እንዴት ይሄድ ነበር? መሥመሩን ይጠብቅ ነበር ወይ? ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን እያወጣ የተጠየቀውን መመለስ ይችላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ካናቢሱንም፣ ጨብሲውንም፣ ድካሙንም፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋን መድኃኒትንም ያገኛሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ከራሳችሁ ከሾፌሮች ሰምቼዋለሁ። ቁጥር አይደለልም፣ ቁጥር ዘመድ የለውም፤ የሰው ዓይን ግን ይሳሳታል፣ ይደለላልም። ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። የማሳቹሴትስ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ፖሊሱ ሾፌሩ በቀጥታ መሥመር ሲራመድ፣ በአንድ እግሩ ሲቆም ያየውን ለፍርድ ቤት መናገር ይችላል፤ ነገር ግን በካናቢስ ጉዳይ «ፈተናውን ወድቋል» ብሎ መመስከር አይችልም አለ፤ ፈተናው የተሠራው ለአልኮል ነውና። ይህ ለእኛም ይበጃል። ፖሊሱ «ሐሺሽ አጭሷል» ብሎ ፍርድ አይስጥ፤ ያየውን ከነሰዓቱ ይጻፍ። የተጻፈ ነገር ላይ ሾፌሩ ሊከራከር ይችላል፤ አለቃም ሊመረምረው ይችላል። ሾፌሩም ብቁ አይመስልም ከተባለ መኪናው እዚያው ይቁም፣ እርሱም እስኪመለስለት ይረፍ፤ የዕፁ ክስ ካለ ለብቻው በራሱ መንገድ ይሂድ።

ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። መኪናው የታየበትን ሰዓትና የቆመበትን ሰዓት ለየብቻ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ መኪናው ሲሄድ የታየውን፣ ከዚያ ሾፌሩ ሲወርድና ሲናገር የታየውን፤ መጨረሻ ላይ የሾፌሩ የራሱ ቃልና ፊርማ የሚሰፍርበት ቦታ አለ፣ ረዳት ካለም የረዳቱ። ረዳቱ የተናገረው በሾፌሩ ላይ የዕፅ ክስ ማስረጃ አይሆንም የሚል ዐረፍተ ነገርም ጽፌበታለሁ፤ ይህን ግን እኔ ልወስነው የምችለው አይደለምና የሕግ ባለሙያዎች እንድታዩልኝ እለምናለሁ። ቅጾቹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከምሳ በፊት በእስክሪብቶ እያረማችሁ ብትመልሱልኝ፣ ከሰዓት በኋላ በአንድ ላይ ተቀምጠን እናስተካክለዋለን።