ቡናው ለጀበና ይሁን

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ። ልጆች ኮብልስቶን ላይ ኳስ ይጫወታሉ።]

አንዱ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ገና ለቅሶውን ሳይጀምር ከየበሩ መድኃኒት ይመጣል። አንዷ ቡና፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና። ሰፈራችን ሐኪም አያጣም።

ከቡናው እንጀምር። «ደም ያቆማል» ይባላል። ደም የሚያቆመው ግን ጫን ብሎ መያዝ ነው። ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጫን በሉት። በየመሃሉ ገለጥ እያደረጉ «ቆመ እንዴ?» የለም፤ የረጋው ደም ይነሳል። ቡናው ደግሞ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ልጅ ሆኜ ነርሷ ቡናውን ከክርኔ ፈትጋ ስታወጣ ያለቀስኩት፣ ስወድቅ ካለቀስኩት ይበልጣል።

[ምስል፦ ጀሪካን፣ ጆግ፣ ሳሙና።]

ደሙ ቆመ? አሁን ውሃ። «ውሃ በፈረቃ ነው» እንዳትሉኝ። ጀሪካን ውስጥ ያለው የምትጠጡት ውሃ ይበቃል። እጃችሁን ታጠቡና በጆግ ከላይ አንቆርቁሩ። ዙሪያውን በሳሙና። የኮብሉ አሸዋ ሙልጭ ብሎ ይውጣ፤ ከቀረ ቆዳው ላይ እንደ ንቅሳት ጠቁሮ ሊቀር ይችላል።

አልኮልስ? «ካላቃጠለ አይሠራም» የሚሉ አሉ። አልኮል ጀርሙን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ አዲስ የሚበቅለውንም ሥጋ ይጎዳል። የካፕሱል ዱቄት መበተኑንም ተዉት። ካፕሱል የሚዋጥ ነው፣ እሱም ሐኪም ሲያዝ።

«ክፍት ይሁን፣ አየር ያግኝ» የሚለውን እኔም ለብዙ ዓመት አምኜበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማዎች ላይ ሞከረው። በስስ ላስቲክ የተሸፈነው ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ አበቀለ። ቁስል ሲደርቅ አዲሱ ቆዳ በቅርፊቱ ሥር መንገድ ፍለጋ ይንከራተታል። ፌስታል ጠቅልሉበት ማለቴ ግን አይደለም! ቫዝሊን ቀባ፣ ፕላስተር ለጠፍ፣ በየቀኑ ቀየር። በቃ።

[ምስል፦ ከግቢው ጀርባ ከብቶች ሲያልፉ።]

መንጋጋ ቆልፍ ከዝገት ይመጣል የሚባለውስ? ጥፋቱ የዝገቱ አይደለም። ባክቴሪያው አፈርና እበት ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከብት በሚነዳበት መንገድ ላይ የተላጠ ጉልበት ከዛገ ቆርቆሮ እኩል ያሳስባል። ቁስሉ አፈር ከነካው፣ የመጨረሻው ክትባትም 5 ዓመት ካለፈው፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አፉን የከፈተ ቁስል፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካያችሁም እንደዚያው።

የውሻ ነገር ለብቻው ነው። ጥርሱ ጫር ብቻ ቢያደርግ እንኳ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ሂዱ። «የጎረቤት ውሻ ነው፣ አውቀዋለሁ» አይሠራም።

[ምስል፦ ልጁ ጉልበቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በረኛ ሆኗል። ከጀርባ ጀበና ይንተከተካል።]