ጥንታዊው ዜማ ሮኩን ሲመራው፦ ስለ ቱርሳፍሎኩሪን የመጀመሪያ አልበም የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፤

ዛሬ አብረን ልናዳምጠው የተሰባሰብንበት አልበም «ሂን ኢስለንስኪ ቱርሳፍሎኩር» የተባለው የአይስላንድ ፕሮግሬሲቭ ሮክ (ረዘም ያለና የተወሳሰበ ቅንብር የሚወድ የሮክ ዘርፍ) ባንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የመጀመሪያ ሥራው ሲሆን፣ መጠሪያውም የባንዱ ስም ራሱ ነው። አድማጮቹ አሳጥረው ቱርሳፍሎኩሪን ይሉታል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ አልበም ሲወራ «የድሮ የሕዝብ ዘፈኖችን በሮክ የተጫወተ ባንድ» ይባላል፤ አባባሉ ግን ነገሩን ገልብጦ የሚያሳይ ይመስለኛል። በእኔ እምነት በዚህ አልበም ውስጥ የተገራው ሮኩ ነው፤ ዘፈኖቹ ጥንት በነበራቸው ሥርዓት ጸንተው ቆመዋል። ይህን ለማስረዳት ባንዱን ለጊዜው አቆይቼ ከአንድ ቄስ መነሳት ይኖርብኛል።

ቢያርኒ ቶርስቴይንሶን በ1861 ተወልዶ በ1938 ያረፈ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በሰሜን አይስላንድ ጫፍ በምትገኘው የዓሣ አጥማጆች ከተማ በሲግሉፍዮርዱር በክህነት ያገለገለ ሰው ነበር። ከአገልግሎቱ ጎን ለጎን ከአረጋውያን አንደበት እየሰማ፣ የቆዩ የብራና ጽሑፎችን እያገላበጠ የአገሩን ዜማዎች በኖታ ሲያሰፍር ኖረ፤ የድካሙም ፍሬ አንድ ሺህ ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ ሆኖ ከ1906 እስከ 1909 በኮፐንሃገን ታተመ። በዘመኑ ብዙ የተማሩ አይስላንዳውያን በእነዚህ ዜማዎች ያፍሩ ስለነበር፣ ሥራው ድካም ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ይጠይቅ ነበር።

የሚያፍሩበት ምክንያት ምን እንደነበር ለመረዳት «ትቪሶንጉር» የሚባለውን የሁለት ድምፅ አዘማመር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሁለት ሰዎች አንዱን ዜማ በአምስተኛ ድምፅ ርቀት (ከአንዱ ድምፅ ጀምሮ ሲቆጠር አምስተኛ በሚሆነው) ተራርቀው ጎን ለጎን ይዘምሩታል፤ ዜማው ከፍ ሲል አንደኛው፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ሌላኛው ከላይ ይሆናል፤ መሐል ላይ መንገዳቸው ይተላለፍና ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ዓይነቱ የተከታታይ አምስተኛ አካሄድ በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እንደ ስሕተት የሚታረም ነው። በ1840 በሬይካቪክ ካቴድራል ኦርጋን ከተተከለና የአራት ድምፅ መዝሙር እየተስፋፋ ከሄደ በኋላ፣ የገበሬው ትቪሶንጉር ጆሮ የሚያቆስል የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ቢያርኒ ግን አላረመውም፤ አምስተኛውንም፣ የተዛነፈውንም ምት እንደሰማው ጻፈው። ዜማውን እንደ ስሕተት ቆጥሮ የሚያርም ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ የመጡት እንደ ቱርሳፍሎኩሪን ያሉ ሙዚቀኞች የሚያገኙት የተለሳለሰ መዝሙር ብቻ በሆነ ነበር።

ወደ ሮኩ ልመለስ። ሮክ ወደ አይስላንድ የገባው በአመዛኙ በኬፍላቪክ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈርና ከሬዲዮ ጣቢያው በኩል ነው። በ1969 የተመሠረተው ትሩብሮትም ሆነ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አልበም ያሳተሙት ስቫንፍሪዱርና አይስክሮስ ችሎታ ያላቸው ባንዶች ነበሩ፤ ሆኖም ዋና ዋና ሥራዎቻቸውን የዘፈኑት በእንግሊዝኛ ነው። አልፈርድባቸውም። ሕዝቧ 220,000 ገደማ በሆነ አገር ውስጥ ያለ ሙዚቀኛ ዓይኑን ወደ ውጭ ገበያ ቢያማትር የሚያስገርም አይደለም።

ቱርሳፍሎኩሪን የመረጠው መንገድ ሌላ ነበር። አይስላንዳውያን እንደ እኛው በራስ ስምና በአባት ስም የሚጠሩ ስለሆኑ የባንዱን መሪ ኤጊል ኦላፍሶንን ኤጊል ብዬ ብጠራው ነውር አይሆንም። ኤጊል ድምፃዊና የኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ጊታር ቶርዱር አርናሶን፣ ቤዝ ቶማስ ቶማሶን፣ ድራም አስጌይር ኦስካርሶን ይጫወቱ ነበር። አምስተኛው ሩናር ቪልበርግሶን ይዞት የመጣው መሣሪያ ደግሞ በሮክ መድረክ እምብዛም የማይታይ ነው፦ ባሱን። ባሱን በሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ልሳን የሚነፋ፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያጥር የእንጨት ቱቦ ሲሆን፣ ድምፁ ከታች ሲሆን ይጎረናል፤ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ድምፅ ይሰልላል። ሌሎች ባንዶች ሳክስፎን ወይም ሲንተሳይዘር በሚያስገቡበት ቦታ ይህ ድምፅ ሲገባ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ዕድሜ ይጨምራል፤ የስድስትና የሰባት መቶ ዓመት ግጥም አጠገቡ ቢቆም እንግዳ አይሆንበትም።

ለምሳሌ «ስቶዱም ትቮ ኢ ቱኒ» የሚለውን ዘፈን ተመልከቱ። ቃሉ የተወሰደው በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ከተጻፈው ከቪግሉንዱር ሳጋ ነው፤ ሳጋ የአይስላንዳውያን ጥንታዊ ትረካ ነው። አንድ ወንድ ከሚወዳት ሴት ጋር በቤቱ ፊት ባለው የሣር ሜዳ ላይ መቆማቸውን፣ እሷም በእጆቿ አቅፋው አምርራ ማልቀሷን ይናገራል፤ ታሪኩ የመለያየት ነው። በዚህ ዓይነቱ ጥንታዊ ግጥም ውስጥ የፊደላት መመሳሰልና የቃላት ጫና ቦታቸው የተወሰነ በመሆኑ፣ ዜማው ቃሉን እየተከተለ ይረዝማል፣ ያጥራል። ልማደኛ የሮክ ድራም አራት አራት እየቆጠረ ቢመታው ግጥሙ ወገቡ ይሰበራል። አስጌይርና ቶማስ ግን ምታቸውን ከቃሉ ጋር ያዛንፋሉ። ብዙ የፕሮግሬሲቭ ባንዶች ያልተለመደ ምት የሚመርጡት ችሎታቸውን ለማሳየት እንደሆነ ይሰማኛል፤ እዚህ ግን ምቱ የተወሳሰበው ቋንቋው ስለጠየቀ ነው። ይህን አልበም ከዘመን አቻዎቹ አብልጬ የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በ1979 የወጣው ሁለተኛው አልበም «ቱርሳቢት» የበለጠ የበሰለ ነው። ቀድሞ በትሩብሮት የሚታወቀው የሃሞንድ ኦርጋን ተጫዋች ካርል ሲግቫትሶን ባንዱን ተቀላቅሎ ድምፁን አደንድኖታል። ነገር ግን ያ ሁለተኛው ሥራ የተራመደው በመጀመሪያው በተከፈተ በር ነው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ተጫዋቾቹ እያንዳንዱን ዜማ እየመረመሩ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል እየፈተኑ እንደሆነ ይሰማል፤ ያ ጥንቃቄ ለእኔ ከብስለቱ በላይ ዋጋ አለው።

በ2008፣ አልበሙ ከታተመ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ ባንዱ በሬይካቪክ ላውጋርዳልስሆል አዳራሽ ካፑት ከተባለው የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድን ጋር ሥራዎቹን በድጋሚ አቅርቧል። የቄሱ የቢያርኒ ስብስብም ቢሆን የአቧራ ሲሳይ አልሆነም፤ በሲግሉፍዮርዱር ይኖርበት የነበረው ቤት ዛሬ የአይስላንድ የሕዝብ ሙዚቃ ማዕከል ነው።

አሁን ወደ ማዳመጡ እንለፍ። በመጀመሪያ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሳናቋርጥ እንሰማዋለን፤ ቀጥሎም «ስቶዱም ትቮ ኢ ቱኒ»ን ለብቻው ደግመን እናጫውተዋለን። በድጋሚ ሲጫወት ድራም የምትጫወቱ ወጣቶች ጊታሩን ተዉትና የኤጊልን ቃል በእግራችሁ እየቆጠራችሁ ተከተሉት፤ ያገኛችሁትንም በውይይቱ ጊዜ ንገሩን። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።