ከትዝታ የሚጀምር የደስታ ዝርዝር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማጫውታችሁ በእጅ ስልኬ ላይ ስላለች አንዲት የዘፈን ዝርዝር ነው። የያዘችው 11 ዘፈኖችን ብቻ ሲሆን፣ ሥራዋም በክረምት ጠዋት ከጣፎ እስከ መገናኛ በታክሲ ስጓዝ የከበደኝን ስሜት ቀለል ማድረግ ነው። ዝርዝሯ ዛሬ ያላትን መልክ ከመያዟ በፊት ግን አንድ ጊዜ በደንብ ተሳስቻለሁ፤ ከስሕተቱ ብጀምር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ፀሐይ ለሳምንታት ፊቷን ባዞረችብን ሰሞን፣ ከእንቅልፌ ስነሣ ጀምሮ ድብርት ይጫነኝ ነበር። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ከሰው ጋር ለመጫወት ግን ልቤ እምቢ አለኝ። (ነገሩ ከዚህ የከፋና ወራት የዘለቀ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገኝ ዘፈን ሳይሆን ሐኪም ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።) አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ የማውቃቸውን ፈጣን ዘፈኖች በሙሉ ሰበሰብሁ። የሠርጉም፣ የጉራጌኛውም፣ እስክስታ የሚያስወርደውም ሳይቀር ገብቶ ዝርዝሩ 40 ዘፈን ደረሰ፤ ስሙንም «ደስታ» አልሁት። በማግስቱ ጠዋት ማዳመጫዬን ሰክቼ ታክሲ ተሳፈርሁ። መስኮቱ በጉም ታፍኗል፣ አጠገቤ ከተቀመጡት ሰውዬ ጃንጥላ ውኃ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል፣ በጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ለማላውቃት ሙሽራ እልልታው ይቀልጣል። ከሦስተኛው ዘፈን አላለፍሁም። ደስ ሊለኝ ቀርቶ፣ ድብርቴን አይቶ የሚያሾፍብኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ተናደድሁ።

ይህንኑ ለአክስቴ ስነግራቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያም ከቁም ሳጥናቸው ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን አወጡ። በውስጡ በ1970ዎቹ በሙዚቃ ቤት ያስቀዷቸው ካሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ገዝቶ፣ የሚፈልጉትን ዘፈን በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፎ፣ ለሙዚቃ ቤቱ ልጅ ሰጥቶ ከጥቂት ቀን በኋላ መረከብ የተለመደ ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ምርጫው እንደ ልብ የሚደረግ አልነበረም፤ ሰባት ወይም ስምንት ዘፈን ከገባ ገጹ ሞላ ማለት ነው። ዘልሎ ማለፍም አድካሚ ስለነበር የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነበር። እኔ 40 ዘፈን ስሰበስብ ያላሰብሁት ይህንኑ ነው።

አክስቴ «ለከፋኝ ቀን» ብለው ያስቀዱት ካሴት በቀዝቃዛ ትዝታ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው እንደዚያው ዝግ ያለ ነው፤ በሦስተኛው ላይ ከበሮው ይነቃል፣ በአምስተኛው ላይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ጭፈራ ላይ ተደርሷል። እርሳቸው ይህን ከለቅሶ ቤት ሥርዓታችን ነው የወሰዱት። ሐዘንተኛ ቤት በመጀመሪያው ቀን የገባ ሰው አብሮ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ ስለ ሟች ይጨዋወታል፤ ከሠልስቱ ወዲያ ማታ ማታ የሚመጣው ጎረቤት ደግሞ ወሬውን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ይወስደዋል፣ አንዱ ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ሐዘንተኛው ሳያስበው ፈገግ ይላል። ይህን «ማጫወት» እንለዋለን፤ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምረው የሚል ግን የለም።

በኋላ ሳነብ፣ በአሜሪካ የሠሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም አይራ አልትሹለር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለሙዚቃ ሕክምና ተመሳሳይ አካሄድ መቅረጻቸውን ተረዳሁ። የሙዚቃው ስሜት በመጀመሪያ ከታማሚው ስሜት ጋር እንዲመሳሰል ይደረግና፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ሊደረስበት ወደሚፈለገው ስሜት ይቀየራል። አክስቴ ስሙን ሰምተውት አያውቁም፤ ስነግራቸውም እምብዛም አልተደነቁም።

በትዝታ መጀመሩ መጀመሪያ ላይ ሳያስፈራኝ አልቀረም፣ ትዝታ ያስተክዛልና። ሆኖም በጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ የወጣ፣ 772 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት፣ አሳዛኝ ሙዚቃ በአድማጮች ላይ ደጋግሞ የሚቀሰቅሰው ስሜት ሐዘን ራሱ ሳይሆን የናፍቆት ትዝታ መሆኑን ገልጿል። ለዚህ ስሜት ስም አውጥቶ፣ ቅኝት ሰጥቶ፣ በክራርና በማሲንቆ ሲያንጎራጉረው ለኖረ ሕዝብ ይህ አዲስ ግኝት አይመስለኝም። ደግሞም ትዝታ በአንድ ጊዜ የዘፈን ስምም የቅኝት ስምም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች በምዕራባውያኑ ዘንድ እንደሚባለው አንዱ ለሐዘን፣ ሌላው ለደስታ ተብለው የተከፈሉ አይደሉም። በትዝታ ቅኝት ሰው ይተክዛል፣ በዚያው ቅኝት ምቱ ሲፈጥን ይጨፍራል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ አድማጭ ከትካዜ ወደ ጭፈራ ለመሻገር ቅኝት መለወጥ አያስፈልገውም፤ ፍጥነቱንና ከበሮውን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ይበቃዋል። ጆሮዬ አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ይሰማኛል፤ የመጀመሪያው ዝርዝሬ ያጣው ይህን መተላለፊያ ነበር።

ዘፈን ስመርጥ የከበደኝ ስለ ዜማ ያለኝ ዕውቀት ሳይሆን የራሴ ታሪክ ነበር። በጣም የምወደው አንድ ፈጣን ዘፈን አለ፤ ግን ከተለየኋት ሰው ጋር የሰማሁት በመሆኑ ገና መግቢያው ሲጀምር ሆዴን ያባባዋል። የቱንም ያህል ቢያስጨፍር በዚህች ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። በአንጻሩ በዘፈንነቱ ተራ ነው የምለው፣ ግጥሙም ደካማ የሆነ አንድ ዘፈን ሰባተኛ ተራ ላይ አለ፤ ምክንያቱም በልጅነቴ ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ ስንጨፍር ውለን፣ ሙልሙላችንን ታቅፈን ወደ ቤት ስንመለስ ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ የነበረው እርሱ ነው። አዲስ ዘፈንም ብዙ አላስገባሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማ በአንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሚለቀቅ፣ ይህም የሚሆነው ደስ የሚለው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ገና ሲጠባበቀውም ጭምር እንደሆነ አሳይቷል። ዘፋኙ ወደ አዝማቹ ሊመለስ ሲል፣ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል፣ ያችን ቅጽበት የሚጠብቃት ዘፈኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ቴክኒኩ ጥቂት ልበል። ስልኩ ዘፈኖቹን በራሱ እንዳያደበላልቃቸው ያንን ምርጫ አጠፋሁት፤ ቅደም ተከተሉ ከፈረሰ ዝርዝሯ ምንም አትረባም። ዘፈኖቹንም ከቪዲዮ ክሊፕ ሳይሆን ከአልበም ወሰድሁ፤ ብዙዎቹ ክሊፖቻችን ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ድራማ ይሠሩበታልና፣ በታክሲ ውስጥ የበር ማንኳኳትና የስልክ ጥሪ መስማት ትዕግሥት ይጨርሳል። በየዘፈኑ መካከል «አሁንስ ተሻለኝ?» እያልሁ ራሴን መጠየቅም ተውሁ፤ የጠየቅሁበት ቀን ሁሉ ጥያቄው ራሱ ዘፈኑን ያስጠፋብኝ ነበር።

ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። አንዳንድ ጠዋት አራተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ልቤ አልከተል ይለኛል፤ ያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው እመለሳለሁ፣ ወይም ማዳመጫውን አውልቄ የረዳቱን ጥሪ እሰማለሁ። በአብዛኛው ግን ሲኤምሲን ስናልፍ ጣቴ ጉልበቴ ላይ ምት ሲመታ አገኘዋለሁ።

የአክስቴ ካሴት ውስጥ ለሙዚቃ ቤቱ ልጅ የጻፉለት ወረቀት አሁንም ተጣጥፎ አለ። ከዘፈኖቹ ዝርዝር ግርጌ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ቦታ ከተረፈ ክራር ሙላበት» ይላል። እኔም ከ11ኛው ዘፈን በኋላ መገናኛ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይተርፈኛል፤ ባለፈው ሳምንት ግጥም የሌለው አጭር የክራር ጨዋታ አገኘሁና ሞላሁበት።