ያስጠኑን የልደት ዘፈን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ የፍሪጄ ድምፅ ነው፤ ቻሉት።

አሜሪካ እንደመጣሁ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሬስቶራንት ነው፤ አስተናጋጅ ሆኜ። ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ከሦስቱ ግማሽ ቀን የሄደው በምን ይመስላችኋል? በልደት ዘፈን! በሆዴ ሳቅኩ። ሃፒ በርዝዴይን የማያውቅ አለ እንዴ? እኛ ሰፈር እንግሊዝኛ የማይነኩት እትዬዎች ሳይቀሩ ዳቦ ተቆርሶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ ይዘፍኑት ነበር።

ማናጀሩ "እሱን አይደለም" አለኝ። የራሳቸው አላቸው። ጭብጨባ የበዛበት፣ የወታደር ሰልፍ የሚመስል፣ መጨረሻው ላይ "ሄይ!" የሚባልበት። ሻማ የተሰካባት ብራውኒ በትሪ ይዘን፣ ስድስት ሆነን ጠረጴዛውን እንከባለን። ባለልደቱ ያፍራል። እኔ ከእሱ ብሼ አፍራለሁ። አንድ ነባር የኤልሳልቫዶር ልጅ ምክንያቱን ጠየቅኩት። "ያኛው ባለቤት አለው፤ ከዘፈንነው ያስከፍሉናል" አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ።

አልቀለደም። ባለቤት ያለውን ዘፈን ቤታችሁ ብትዘፍኑት ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። የአሜሪካ ሕግ የሚይዛችሁ ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ውጪ ያለ ሰው ፊት ሲሆን ነው። ሬስቶራንት ደግሞ ሥራው እንግዳ ሰው መሰብሰብ ነው። የእኛውም የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢሆን፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ በነጻ ሲጫወት ባለመብቱ መከልከል አይችልም ይላል። ከደጅ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

የሃፒ በርዝዴይ ዜማ የተወለደው ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ነው። ፓቲ ሂል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ እህቷ ሚልድረድ ሙዚቃ ታውቃለች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚዘፍኑትን "ጉድ ሞርኒንግ ቱ ኦል" ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። ልደቱ በኋላ ነው የገባበት። እስቲ ሞክሩት፦ "ጉድ" የምትለዋን አንድ ድምፅ ለሁለት ሰንጥቀው "ሃ-ፒ" አደረጓት እንጂ ዜማው ያው ነው።

በ1935 አንድ አሳታሚ አስመዘገበው። መብቱን የያዘውን ኩባንያ በ1988 ዋርነር ቻፔል የሚባል ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ገዛ፤ በ25 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተዘግቧል። ከዚያ ፊልም ላይ ሻማ እፍ የሚያስብል ሁሉ መክፈል ሆነ። ጄኒፈር ኔልሰን የምትባል ፊልም ሠሪ ስለዚሁ ዘፈን ዶክመንተሪ ስትሠራ 1,500 ዶላር ተቀበሏት። ከፈለች፤ በ2013 ግን ከሰሰቻቸው።

እኔ የምወደው እዚህ ጋ ያለውን ነው። ዋርነር ራሱ ካቀረባቸው ሰነዶች ውስጥ በ1927 የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። ከዘፈኑ ርዕስ ሥር ያለች አንዲት መስመር ብቻ ደብዝዛ አትነበብም። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሏል! የከሳሽ ጠበቆች ሌላ ቅጂ ፍለጋ ወጡ። ሲያገኙት መስመሯ "በአሳታሚው ልዩ ፈቃድ" የሚል ነገር ናት። የ1922ቱንም እትም አገኙ። ግጥሙ አለ፤ የቅጂ መብት ማስታወቂያ፣ ማለትም "መብቱ የእገሌ ነው" የሚል ጽሑፍ፣ የለም። በዚያ ዘመን ሕግ ደግሞ ያለ ማስታወቂያ የወጣ ሥራ መብቱ ከእጅ ይወጣል።

ዳኛው ጆርጅ ኪንግ በ2015 ሲፈርዱ በሌላ በር ገቡ። የ1935ቱ ምዝገባ የፒያኖ ቅንብሩን እንጂ ግጥሙን አይሸፍንም፤ አሳታሚው ግጥሙን ከእህትማማቾቹ ስለመረከቡ ማስረጃ የለም አሉ። በማግስቱ ዓመት ጉዳዩ በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

የቅጂ መብትን ጠልቼ አይደለም። ዘፈኑ በየታክሲው እየተለቀቀ አምስት ሳንቲም ያላገኘ ኪቦርዲስት ጓደኛ አለኝ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ "እስቲ ወረቀታችሁን አሳዩን" ያለ የለም። መክፈል ከመካሰስ ይረክሳላ! የእኛ ሬስቶራንት ደግሞ ላለመክፈል "ሄይ!" አስባለን።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ልደት ልናከብር ወጣን፤ ሌላ ሬስቶራንት ነው። ዘፈኑ ነጻ ከወጣ ስንት ዓመቱ። መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ብራውኒዋ መጣች፣ አስተናጋጆቹ ከበቡን። እነሱም የራሳቸውን የጭብጨባ ዘፈን ጀመሩ። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ልትገባ ደረሰች። እኔ ለካ እጄን ቀድሜ አንስቻለሁ፤ "ሄይ!" ያልኩት ከሁሉም በፊት ነው።