መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት የሚያየው እኛን ነው

እንደምን አረፈዳችሁ! ከሞጣም ከቡሬም፣ ከእንጅባራም ከደጀንም ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ባለሙያዎችና ርእሳነ መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ስለ ላይብረሪ ሲወራ የሚነሳው ሁሌ የመጽሐፍ ብዛት፣ መደርደሪያና ወንበር ነው። እዚያ ስለምንቀመጠው ሰዎች የሚያወራ የለም። የላይብረሪው ጠባይ ግን የሚወጣው ከባለሙያው ነው። የት እንዳደግን፣ በምን ቋንቋ አፋችንን እንደፈታን፣ ምን ዓይነት ችግር አይተን እንዳለፍን፣ ይሄ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ የሚያመነታው ልጅ ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን ይወስናል።

ለጎጃም ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪን "የት ተማርክ?" ስትሉት የሚነግራችሁ የየኔታን ስም ነው። የኔታ ቦታ ከቀየሩ ተማሪውም አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይከተላል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓርብ ከትምህርት እንደወጣ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል፣ እሑድ እንጀራውን ተሸክሞ ይመለሳል። ለዚህ ልጅ ሐሙስ መጽሐፍ አውሰን "ቅዳሜ መልስ" ብንለው ቅዳሜ ከየት ይመጣል? ሰኞ ሲመጣ ቅጣት ይጠብቀዋል፣ ሁለተኛም አይዋስም። ራሱ እንደዚያ ተከራይቶ የተማረ ባለሙያ ግን ማንም ሳይነግረው የመመለሻ ቀኑን ሰኞ ያደርገዋል፣ እንዲያውም "ይዘኸው ሂድ፣ ለታናናሾችህም አንብብላቸው" ብሎ ይሸኘዋል። ይሄ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም፣ ሰውየው ከኑሮው ያመጣው ነው።

አዊ ዞንንም እንይ። ልጆቹ አንደኛ ደረጃን በአዊኛ ይማራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና መጽሐፉ ይከብዳቸዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ላይብረሪ ገብቶ በአዊኛ ሰላም ሲባል ፊቱ ይፈካል፣ ያልገባውንም ለመጠየቅ አይፈራም። ቋንቋውን የማንችል ሰላምታውን እንኳ እንልመድ፣ አያቅተንም።

አደራደራችንም ያው ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው፣ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው ቁጥር የሚሰጠው የዱዊ አመዳደብ ዛሬም ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን ሙሉ ሰጥቶ የአማርኛውን 892.8 ሥር ያስቀምጠዋል። ቁጥሩን ብቻ ተከትለን ከደረደርን የአማርኛ ልብወለድ መጨረሻ ጥግ ላይ ይቀራል። ልብወለድ የሚወድ ባለሙያ ግን በሩ ፊት ለፊት ያወጣዋል። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ይቆይ፣ ማን ከለከለ?

ደግሞ ማንነታችን የሚዘጋው በር አለ፣ ይሄንንም እንነጋገር። የቅኔ ቤት ልጅ የሆነ ባለሙያ ለአማርኛና ለግዕዝ ሲያደላ ፊዚክሱ አቧራ ይለብሳል። ከትምህርት በኋላ ውኃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ላይብረሪውን ምሳ ሰዓት ይዘጋዋል። ሴቶቹ ልጆች ሲለቀቁ ወደ ቤት ሥራ ነው የሚሮጡት፣ ያለቻቸው ያቺ የምሳ ሰዓት ናት። በሩ ላይ "ሴት አይገባም" ተብሎ ባይለጠፍም ውጤቱ ያው ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ንብረት ያዥ ያደረገን ፍርሃት ነው። መጽሐፉ በንብረት ቅጾቹ፣ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በፊርማችን ይመጣል። ከጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚሰጋ ሰው አዲሱን መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍበት አልፈርድበትም። ልጆቹ ግን የሚያዩት ቁልፉን ነው። ርእሳነ መምህራን፣ እባካችሁ እዚህ ላይ አግዙን። በውሰት ብዛት ያረጀና የተቀደደ መጽሐፍ በወቅቱ በኮሚቴ ታይቶ ከመዝገብ ይውጣልን፣ የጠፋውም ተጣርቶ ይወሰን፣ ሸክሙ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ አይጣል።

ከሻይ በኋላ በቡድን እንቀመጣለን። የውሰት መዝገባችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ የየትኞቹ ልጆች ስም እንደሌለበት አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።